ዳገት ላይ የምትፈላው ሚኒባስ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ጠርጥር» ነው የሚለው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም። እሱ ግን ሲያጣራ ኖሯል፤ የሚጠረጥራቸው ሰዎች አሉት፣ አንዷ እኔ ነኝ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ማሳመሪያ ይተርተዋል፤ የኔ ሰውዬ ግን ይኖርበታል። እኔ ደግሞ ከሱ ጋር እኖራለሁ። ማን እንደሚብስ እናንተው ፍረዱ።

መካኒክ ነው። ጋራዡና ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ስለሆኑ ማጀት ሆኜ ቁልፍ ከእጁ ሲወድቅ እሰማለሁ፤ ማንን እየተቆጣ እንደሆነም እሰማለሁ። ሰው የታመመ መኪና ሲያመጣ ሌላው መካኒክ «ምን ሆነ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። እሱ «ማን ነካው?» ነው የሚለው። ደህና የነበረ ነገር ከመሬት ተነስቶ አይበላሽም ባይ ነው፤ የሆነ እጅ ገብቶበታል፣ እጁን ካገኘህ በሽታውን አገኘህ። ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም፣ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ሌላ ጋራዥ ሳያጠብቅ የተወውን ብሎን፣ በርካሽ የተቀየረውን ቱቦ፣ ባለቤቱ ራሱ በሽቦ ጠፍሮ የደበቀውን ስንጥቅ እየጎተተ ያወጣዋል። ሰውም ከኋላው እያሾፈበት መኪናውን የሚያመጣው ግን ለሱ ነው።

ሥራውን ሲጨርስ በየብሎኑ አናት ላይ በቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀለም ጠብ ያደርጋል። ከሱ በኋላ ብሎኑን የፈታ ሰው ካለ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ እሱም ያውቃል። ቤትም ያው ነው። የስኳሩ ጣሳ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ካለ ያየዋል። ሊያገባኝ ባሰበ ጊዜ ስለኔ ያልጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ልብስ ሰፊያችንን ሳይቀር ጠይቋል። በኋላ ሰምቼ «ምን ሆነህ ነው?» ብለው «ሳይጠየቅ የሚገዛ ዕቃ የለም» አለኝ። ያኔ ጥዬው መሄድ ነበረብኝ፤ አገባሁት።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። በጎረምሳነቱ ከልጅነት ጓደኛው ጋር ጋራዥ ከፍቶ ነበር። መሣሪያዎቻቸውን የሚሰቅሉበት ትልቅ ሰሌዳ ነበራቸው፤ የእያንዳንዱ ቁልፍ ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተሥሎበት፣ ቁልፉ እዚያው ቅርጹ ላይ ይሰቀላል። አንድ ጠዋት ሲገባ ሰሌዳው ላይ የቀረው ቅርጹ ብቻ ነበር። ጓደኛውን ዳግም አላየውም። ይህን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ታሞ፣ ትኩሳት ሲያስለፈልፈው። ስለዚህ ሲጠረጥረኝ እናደዳለሁ እንጂ አልፈርድበትም። ደህና፣ አንዳንዴ እፈርድበታለሁ።

አንድ ሴት ልጅ አለችን። ያገባችው ሹፌር ነው። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ቤት ሲገባ ጫማውን በር ላይ አራግፎ የሚገባ ልጅ ነው፤ እኔ ገና ሳየው ወደድኩት። ባሌ ደግሞ በዝምታው ተጠራጠረ። «ድምፅ የማያሰማ ሞተር አልወድም» አለ። ልጁ ቢያወራ ኖሮ ደግሞ ወሬኛ ነው ይለው ነበር፤ አውቀዋለሁ።

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኝ ኖሮ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። ሞተሯን አውርዶ፣ እያንዳንዷን ብሎን አጥቦ፣ እንደ አዲስ ሠራት። ለመስመር ስትደርስ ማን ይንዳት የሚል ጥያቄ መጣ። ልጄ «አባዬ፣ ባሌ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ለባዳ ልትሰጣት ነው?» ብላ አለቀሰችበት። እሱ የሷን እንባ አይችልም፣ ሰጠ። ግን ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ጋራዥ ገብቶ ሲፈታ ዋለ። ሬዲዮኑን አወጣ። ክሪኩን አወጣ። ደህናውን ተጠባባቂ ጎማ አውርዶ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ጫነበት። ዋና ዋናው ዕቃ ተሸጦ በውዳቂ እንዳይተካበት፣ እሱ ራሱ ቀድሞ በውዳቂ መተካቱ ነው።

«አማችህ እኮ ነው፣ የልጅህ ባል» አልኩት።

«እሱማ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።»

«ፈረስ ከሆነ ልጅህን ለምን ሰጠኸው?»

«እኔ መች ሰጠሁ? አንቺና እሷ ተማክራችሁ ነው።»

ሌላም ሌላም ይፈታ ነበር። ንትርኩ ሰልችቶኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ሰሞን ሰላም ነበር። ልጁ ጠዋት ቁልፉን ይወስዳል፣ ሲመሽ ያስረክባል፣ ባሌ ሚኒባሷን ዞሮ ዞሮ ያያታል፣ ሁላችንም እንተኛለን። አንድ ቀን ግን ልጁ ቁልፉን ሰጥቶ እንደመሄድ በሩ ላይ ቆም አለ።

«አባባ፣ ዳገቱ ላይ እያሞቀች አስቸግራኛለች» አለ።

ዳገቱ ከገበያው ተነስቶ እስከ ላይኛው ሰፈር የሚዘልቅ ነው፣ ወገቡ ላይ መታጠፊያ አለው። ሚኒባሷ ሰው ጢም ብሎባት ስትወጣ መታጠፊያው አካባቢ የሙቀቱ ጌጅ ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ከዚያ ውሃዋን መሬት ላይ ትተፋለች። ልጁ ያለው ይኼንኑ ነው።

«ማን ነካት?» አለ ባሌ።

«ማንም አልነካትም፣ አባባ።»

«ደህና የነበረች መኪና እንዲሁ ተነስታ ፈላች?»

ልጁ ዝም አለ። ባሌም የዝምታውን ርዝመት ሲለካ ይታየኝ ነበር።

ምርመራው በማግስቱ ተጀመረ። የሚኒባስ ሞተር ፊት ወንበር ሥር ነው ያለው። ባሌ የጋቢናውን ወንበር አንስቶ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ፣ በግራ እጁ እንደያዘው ጎንበስ ብሎ ውሃውን አየ፤ ጣቱን ነክሮ አሸተተ። ዘይት አልተቀላቀለበትም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ አየ። ውሃ ቢገባበት ኖሮ ዘይቱ ነጭ ወተት ይመስል ነበር፤ ጥቁር ነው። ስለዚህ የሞተሩን ራስ የሚያሽገው ጋስኬት አልተበላም ማለት ነው። ፋኑን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ጠበቅ ብሏል። ፋኑ ይዞራል። የራዲያተሩን ክንፎች በቱቦ አጥቦ ጭቃና የሞተ ትንኝ አወረደ። በየመጋጠሚያው ሥር ካርቶን ዘርግቶ ጠብታ ጠበቀ፤ ካርቶኑ ደረቅ እንደሆነ ተነሳ።

ተርሞስታት የሚሏት ትንሽ ነገር አለች፤ ውሃው ሲሞቅ ተከፍታ ወደ ራዲያተር የምታሳልፍ በር ነች አሉ። እሷን ፈትቶ መሥራት አለመሥራቷን ለማየት ውሃ ውስጥ ቀቀላት። በምን ቀቀላት ብትሉኝ፣ ምሳ በምሠራበት ድስት። ስገባ ድስቴ ላይ ጎንበስ ብሎ ያንን ቅባት የጠገበ ብረት በማንኪያ ያማስላል። «አየሽ፣ ተከፈተች፣ ጤነኛ ነች» አለኝ ደስ ብሎት። ድስቱን አውጥቼ ጣልኩት። «ደህና ድስት ለምን ትጥያለሽ?» ብሎ አንስቶ ጋራዥ ወሰደው፤ ዛሬም ብሎን ይዘፈዝፍበታል።

ነጭ ቀለሞቹንም አንድ በአንድ አየ። አንዱም አልተሰነጠቀም። ሌላ ሰው ቢሆን ማንም አልነካትም ብሎ ደስ ይለው ነበር፤ እሱን ግን ይበልጥ አናደደው። ሞተሩን ግቢ ውስጥ አስነስቶ ከሰዓቱን ሁሉ ሲያጓራ አዋለው፤ አልሞቀም። ባዶዋን ይዞ ዳገቱን ወጣ፤ ጌጁ ትንሽ ከፍ ብሎ ተመለሰ እንጂ አልፈላችም። ከዚያ መጥቶ እጁን እየታጠበ እንዲህ አለኝ።

«መኪናዋ ጤነኛ ነች። የታመመው ሌላ ነው።»

እሱ መኪና ላይ ምክንያት ሲያጣ ሰው ላይ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ሰው ላይ ሲፈልግ ደግሞ አጥቶ አያውቅም።

የጠረጠረ ሰው ማስረጃ አያጣም። የኋላ ወንበር ሥር በጨርቅ የተሸፈነ እርጥብ ጀሪካን አገኘ። «ለምን ይሸፍነዋል?» አለ። እኔ ምን አውቃለሁ። ቀጥሎ መናኸሪያ ሄዶ ተራ አስከባሪውን ሻይ ጋበዘው። ተራ አስከባሪውም ሻይ የጋበዘውን ሰው ያለ ወሬ መሸኘት ነውር ሆኖበት ነው መሰለኝ፣ «አማችህ መታጠፊያው ላይ ሳይቆም አያልፍም። ሰማያዊ በር ያለው ግቢ ይገባል። የምትከፍትለት ሴት ነች» አለው።

ባሌ ወሬውን ይዞልኝ መጣ። ለኔ ብቻ ነግሮኝ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥ አደርገው ነበር። ልጄ ግን ልትጠይቀን መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሏን ሸሚዝ ከማጠቧ በፊት ማሽተት ጀመረች። እኔ ሞኟ ከአባቷ የወረሰችው ቅንድቡን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ባሌ ልጁን አስጠራው። ሳሎን ተቀመጥን፤ እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔና ልጄ ሶፋው ላይ፣ ልጁ ዱካ ላይ። ውሃ እንኳ አልቀረበም።

«ሰማያዊው በር ጋ ምን ትሠራለህ?»

«ውሃ እቀዳለሁ፣ አባባ። ስትፈላብኝ።»

«እኔ ነኝ የመረመርኳት። አትፈላም።»

«ሰው ስትጭን ትፈላለች።»

«ምኗ ነው ታዲያ? ሹፌር አይደለህ? ንገረኛ፣ ምኗ ነው?»

ልጁ አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ሊል ነበር፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ከዚያ ባሌን አየ፣ ልጄን አየ፣ አፉን መልሶ ዘጋ።

«አላውቅም» አለ።

«እኔ ግን አውቃለሁ» አለ ባሌ።

ልጁ ወደ ሚስቱ ዞሮ ጠበቃት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ይበቃው ነበር። «እውነቱን ይሆናል» ባትል እንኳ «እስቲ አባዬ፣ ይናገር» ብትል። እሷ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታለች። ልጁ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ለኔ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ፣ ወጣ። ልጄ አልተከተለችውም። ያን ቀን እኛ ጋ አደረች፤ በማግስቱም አደረች፤ ቀጥሎ ልብሷን አስመጣች። «ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ሳላውቅ አልመለስም» አለች። እኔም ሴትዮዋን ወጣት አድርጌ፣ ቆንጆ አድርጌ፣ ክፉ አድርጌ ሳስባት ሰነበትኩ። የልጄ ትዳር በአንዲት ሚኒባስ ሙቀት ሊፈርስ ነው፣ እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ አያለሁ።

መኪና ቆሞ አይውልም ብሎ ባሌ ራሱ መንዳት ጀመረ። የመጀመሪያ ቀኑ ላይ እኔም ላይኛው ሰፈር ጉዳይ ነበረኝና ጋቢና ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ጉዳዬ ሰማያዊው በር ነበር። ገበያው ጋ ሰው ሞላ፤ ከኋላ ሽንኩርት የጫነ፣ ድንች የጫነ፣ ልጅ ያዘለ፣ ተጠጋ ተጠጋ ተባብለው ታጨቁ። ዳገቱን ጀመርን። ትንሽ እንደወጣን ከመቀመጫዬ ሥር ሞቀኝ።

«ሞቀኝ» አልኩት።

«የፀሐይ ነው።»

«ፀሐይ ከሥር አይወጣም፣ አንተ ሰው።»

ጌጁን አየ። እኔም አየሁ። መርፌዋ ቀዩን ነክታለች። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ከእግሬ ሥር ፍሽሽ የሚል ነገር ተሰማ፣ እንፋሎት ወጣ፣ ድንች የጫነችው ሴትዮ «አውርዱኝ» ማለት ጀመረች። ባሌ ጥግ ይዞ አቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ። ከመኪናዋ ሥር በቀጭኗ ቱቦ የሚወጣው ውሃ መንገዱን ይዞ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ባሌ ወንበሩን አንስቶ እንፋሎቱ ውስጥ ቆመ። የሚጠረጥረው ሰው ፈልጎ አጣ፤ ከኔና ከተሳፋሪው በቀር ማን አለ፣ እኛ ደግሞ ገና መሳፈራችን ነው።

ሰማያዊው በር እዚያው ፊት ለፊታችን ነው። ጀሪካኑን አነሳ፣ እኔም ተከተልኩት። ስናንኳኳ «መጣሁ፣ መጣሁ» የሚል ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፣ መምጣቱ ግን ዘገየ። የከፈተችልን ሴትዮ በዕድሜ ከኔ ትበልጣለች። በዱላ ነው የቆመችው፣ አንድ ጉልበቷ በጨርቅ ታስሯል። ከኛ አልፋ መኪናዋን አየች።

«የዛ ልጅ መኪና አይደለችም እንዴ? ምነው፣ ታመመ?»

«ደህና ነው» አልኳት።

«እናቱ ነሽ?»

«አማቱ ነኝ።»

«ታድለሻል። እኔ እግሬን እየጎተትኩ እስክከፍትለት አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ቀድቶ ሲጨርስ የኔንም በርሜል ሞልቶልኝ ነው የሚሄደው። ግቡ፣ ቧንቧው በዚያ ነው።»

ባሌ ልማዱ አይለቀውምና ግቢውን በዓይኑ ሲፈትሽ አየሁት። ያለው በርሜል፣ የተሰጣ ብርድ ልብስና አንድ በርጩማ ነው። አንገቱን ደፍቶ ቀዳ። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ ልጄ ላይም እሱ ላይም ራሴ ላይም ተናደድኩ፣ እንባዬም መጣ፤ ሴትዮዋ የመኪናዋ ጭስ ነው ብላ አዘነችልኝ።

ሞተሩ ቀዝቀዝ ሲል የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ከፈተ። ውሃውን ሞላ። ሊዘጋ ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ምርመራ ሲያደርግ ይህን ክዳን በግራ እጁ ይዞ ነበር፤ ውሃውን አየ፣ ቱቦውን አየ፣ እጁ ላይ ያለውን አላየም። አሁን ገልብጦ አየው። ከሥሩ ሞላ የሚሉት ጥቅል ሽቦ አለው፣ ውሃውን አፍኖ የሚይዘው እሱ ነው። ውሃው በደንብ ታፍኖ ሲያዝ ቶሎ አይፈላም፤ ሞላው ከደከመ ግን ጭነትና ዳገት ሲመጣበት ክዳኑን ገፍቶ በቱቦው ይወጣል። ይህን ሁሉ የነገረኝ በኋላ ነው። ያኔ በአውራ ጣቱ ሞላውን ተጫነው፤ ሞላው ሰጥ ብሎ ገባ፣ ለመመለስም ሰነፈ።

«ማን ነካው?» አልኩት። ላሾፍበት አልነበረም፤ ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ጥያቄ ስለሆነ ነው ከአፌ የወጣው።

ያንኑ ክዳን መልሶ ገጠመ። እየቆምን፣ ውሃ እየጨመርን፣ ተሳፋሪው እየሰደበን ላይ ደርሰን ተመለስን። ቤት ሲገባ ከማንም ጋር ሳይነጋገር አልጋው ሥር ገባና አንድ ቆርቆሮ ሳጥን ጎተተ። ሬዲዮኑ እዚያ ነው። ከሬዲዮኑ አጠገብ በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ የራዲያተር ክዳን አለ። ዋናው ነው። ልጁ እንዳይሸጥበት ብሎ ያን ቀን ከሌላው ጋር ፈትቶ፣ በምትኩ ከተጣለ መኪና ላይ የነቀለውን ገጥሞበት ነበር። መግጠሙን አልረሳውም። የራሱ እጅ ስለገጠመው ብቻ መጠርጠር እንዳለበት አልታየውም።

እንግዲህ ቁጣዬ ያኔ ነው የወጣው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አልኩት። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አልኩት። ተረት ሲያልቅብኝ ዝም ብዬ ስሙን ጠራሁት፣ ሰፈሩ የሚጠራበትን ስም፣ እኔ ከአፌ አውጥቼው የማላውቀውን። ቀና ብሎ አላየኝም። ልጄ ከጓዳ ወጥታ ክዳኑን አየች፣ አባቷን አየች፣ ገባት። የመካኒክ ልጅ ነች፣ ማስረዳት አላስፈለጋትም። «ሴትዮዋስ?» አለችኝ ቀስ ብላ። ነገርኳት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ተነስ» አልኩት ባሌን። ተነሳ።

ልጁን ከልጄ ጋር በተከራዩት ክፍል ውስጥ ሸሚዝ ሲተኩስ አገኘነው። የተጣበቡ ዕቃዎቻቸው እንደነበሩ ናቸው፤ የልጄ ነጠላ ጫማ አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተደርድሯል። ደንገጥ ብሎ አልጋው ላይ አስቀመጠን፣ እሱ ቆመ። ባሌ ክዳኖቹን ከኪሱ አውጥቶ፣ አሮጌውንም አዲሱንም፣ መዳፉ ላይ አሳየው።

«እኔ ነኝ» አለ። «አጥፍቻለሁ።» ይቺን ቃል ከሱ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ልጁ ክዳኖቹን አይቶ አልተገረመም። «አውቄያለሁ፣ አባባ» አለ። «ገና ቁልፉን የሰጡኝ ዕለት ውሃ ስፈትሽ ነው ያየሁት። መኪናዋን ሲሠሯት አዲስ ነበረ የገጠሙት፤ ሲሰጡኝ ግን አሮጌ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ክዳኑን ለምን ቀየሩት ስል፣ ለምን አላመኑኝም ማለቴ እኮ ነው። ልጅዎ ፊት ላዋርድዎት አልፈለግኩም። ገዝቼ እንዳልቀይረው ደግሞ ማን ነካው ይላሉ። ዝም ብዬ ውሃ ቀዳሁ።»

ባሌ አንገቱን ደፋ። «ያን ዕለት ግን» አልኩት ልጁን፣ «ያን እሁድ ልትናገር ነበር።»

«ነበር፣ እማማ። ከዚያ እሷን አየኋት። ፈርዳብኝ ጨርሳለች። ለማን ልናገር?»

ባሌ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣ። ልጁ እጁን አልዘረጋም። የጭነት መኪና ሥራ አግኝቷል፣ ሰኞ ይጀምራል። «አልተቀየምኩም፣ አባባ። ከልቤ ነው። እርስዎ መካኒክ ነዎት፣ መጠርጠር ሥራዎ ነው» አለ። ከዚያ የካውያውን ሽቦ እየጠቀለለ፣ ለሁለታችንም ሳይሆን ለግድግዳው እንደሚናገር፣ «እሷ ግን ሚስቴ ነች። አንድ ቀን እንኳ እውነት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም» አለ።

ስንመለስ ልጄ በሩ ላይ ጠበቀችን። «ምን አለ?» አለችኝ። ልዋሽላት ነበር፤ ሰው ለልጁ ይዋሻል። ግን ቤታችን ውስጥ የሰነበተው ነገር በቃኝ፣ እንዳለው አድርጌ ነገርኳት። አልቅሳ ስትጨርስ ፊቷን ታጥባ ብቻዋን ሄደች። አባቷ ላድርስሽ ቢላት እንቢ አለች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኳትም። ልብሷን ልትወስድ ስትመለስ ግን አብሯት መጥቶ ሻንጣውን የተሸከመው ባሏ ነው።

ሚኒባሷ አሁን ዋናው ክዳኗ ተገጥሞላት ዳገቱን እንደ ፌንጣ ትወጣለች። ባሌ ይነዳታል። ሰማያዊው በር ጋ ሲደርስ ግን ሳትፈላም ይቆማል፤ በርሜሉን ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ልጄና ባሏም አብረው ናቸው። ሰው ሲጠይቀኝ ታረቁ እላለሁ፣ ታርቀዋልም።

ባለፈው እሁድ ልጄ ብቻዋን መጥታ ነበር። ባሏ ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ነው። ሳሎን ተቀምጠን «ደህና ናችሁ?» አልኳት።

«ደህና ነን፣ እማዬ። ደህና ነው፣ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ይደውልልኛል።»

«ታዲያ መደወሉ ምን ክፋት አለው?»

«ሳልጠይቀው እኮ ነው። አሁን እዚህ ደረስኩ፣ አሁን ጎማ ፈንድቶብኝ ቆምኩ፣ ምሳ ልበላ ወረድኩ ይለኛል። ከዚያ የጭነቱን ባለቤት ላገናኝሽ ይላል። አምንሃለሁ እለዋለሁ። አውቃለሁ ይለኛል። አውቃለሁ ብሎኝ ያገናኘኛል።»

ባሌ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። በዚህ መሃል የልጄ ስልክ ጠራ። «ይኸው» ብላ አነሳችው። ክፍሉ ጸጥ ስላለ የሱን ድምፅ ሰማን፤ የት እንደደረሰ ነገራት። ልጄ «እሺ የኔ ጌታ፣ ግዴለም፣ ግዴለም እኮ» አለችው። ትንሽ ኮሽታ ሆነና አንድ የማናውቀው ጎልማሳ ሰው ድምፅ መጣ። «እህቴ፣ እውነቱን ነው፣ ከኔ ጋር ነው ያለው» ሲላት እኔም ባሌም ሰማን።